ፌስታሉ ይገልበጥ

የክትትል ቀን ጠዋት ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ፣ ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አዛውንቶች እጅ ልብ ብላችሁ እዩ። አንዷ የቀጠሮ ካርድ ይዘዋል፣ ሌላው የጤና መድን መታወቂያቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል፤ ፌስታል ያልያዘ ግን አይገኝም። አፉ ሁለት ሦስት ጊዜ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል፣ አንዳንዴም የነጠላ ጫፍ ላይ የታሰረ ቋጠሮ። ሐኪሙ የሚያገላብጠው ካርዱን ነው። ካርዱ ደግሞ የሚናገረው እዚያው ቤት የታዘዘውን ብቻ ነው። ለጉልበት ተብሎ ከሰፈር መድኃኒት ቤት የተገዛው፣ ልጅ ከአረብ አገር የላከችው፣ ጎረቤት «እኔን አሽሎኛል» ብላ ያካፈለችው፣ አምና ተርፎ የተቀመጠው፣ ይኼ ሁሉ ያለው ፌስታሉ ውስጥ ነው። የአንድ አዛውንት ሙሉ የሕክምና መዝገብ አንድ ቦታ አለ ከተባለ እሱ ፌስታሉ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚገለብጠው የለም።

በሕክምናው ቋንቋ አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት በዘላቂነት መውሰድ ፖሊፋርማሲ ይባላል። ቁጥሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ስኳር፣ ግፊትና የልብ ድካም አንድ ላይ የያዛቸው ሰው ስድስት ዓይነት ቢወስዱ አንዱም ትርፍ ላይሆን ይችላል። የሚያሳስበው ሒሳቡ ነው። ሁለት መድኃኒት አንድ ጥንድ ነው፤ አምስት መድኃኒት 10 ጥንድ ነው፤ ስምንት ሲሆን 28 ጥንድ ይሆናል። እያንዳንዱ ጥንድ ሊጣላ ወይም አንዱ የሌላውን ጉልበት ሊጨምር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. «ጉዳት የሌለበት መድኃኒት» የሚል ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር ቅድሚያ ከሰጣቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ይኸው የመድኃኒት መደራረብ ነበር።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ዕድሜ ራሱ አለ። ኩላሊት ከሰውዬው ጋር ያረጃል፤ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ግን ይህን አይናገርም። አንድ ምሳሌ እንሥራ። የ75 ዓመት እናት፣ ክብደታቸው 45 ኪሎ፣ ክሬአቲኒናቸው (የኩላሊትን ሥራ ለማወቅ ደም ውስጥ የሚለካው) 1.0 ነው። ወረቀቱ ላይ ይኼ ቁጥር ጤናማ ተብሎ ያልፋል። አሁን ከ140 ላይ ዕድሜያቸውን ቀንሱ፣ 65 ነው። በክብደታቸው አባዙት፣ 2925። ለ72 አካፍሉት፣ ክሬአቲኒኑ 1 ስለሆነ የሚለወጥ የለም፣ 40.6 ይመጣል። ሴት ስለሆኑ በ0.85 ሲባዛ በደቂቃ 35 ሚሊሊትር ገደማ ይሆናል። የጤናማ ወጣት ኩላሊት 100 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ያጣራል። «ጤናማ ነው» የተባለው ኩላሊት የሚሠራው ሲሶውን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን የኩላሊት አቅም ከ45 በታች ሲወርድ በግማሽ ይቀነሳል፣ ከ30 በታች ይቆማል። እኚህ እናት በቀን አራት ፍሬ ባለ 500 ሚሊግራም ሜትፎርሚን የሚውጡ ከሆነ ማንም ሳያጠፋ መጠኑ በዝቶባቸዋል። ቀጭን አሮጊት በበዛበት ደጋ፣ ደላንታም ሆነ መቅደላ፣ ይህ ስሌት በየቀጠሮው ቢሠራ አይበዛም። በስልክ ካልኩሌተር የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ፌስታሉ እንመለስ። ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ የሚሰማው ንግግር በየቤቱ ያው ነው፦

«እማማ፣ ይቺ የምን ናት?»

«እሷማ የግፊት ናት፣ ነጯ።»

«ይቺስ ቢጫዋ?»

«እሷም የግፊት ናት መሰለኝ። ፊት ነጭ ነበር የሚሰጡኝ፣ አሁን ቢጫ ሰጡኝ። ምን አውቄ ልጄ፣ ሁለቱንም እውጣታለሁ።»

የእሽጉን ጀርባ ብታነቡት ሁለቱም አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም ናቸው፤ የፋብሪካው ስም ብቻ ይለያያል። የአምሎዲፒን የቀን ጣሪያ 10 ነው፤ እማማ 20 እየዋጡ ነው። እግራቸው ማበጡ፣ ከመደብ ሲነሱ ዓይናቸው ላይ ጭልም ማለቱ ከየት እንደመጣ አሁን ገባን። ቀለም የፋብሪካ ምርጫ ነው፤ ጨረታ ያሸነፈ አስመጪ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። አዛውንቶቻችን ደግሞ መድኃኒትን የሚያውቁት በቀለም ነው፤ ነጯ፣ ቀይዋ፣ ሁለት ቀለሟ። ስለዚህ ፋርማሲው መስኮት ላይ «ቀለሟ ተለውጧል፣ መድኃኒቷ ግን ያቺው ናት፤ የድሮዋ ከተረፈች ሳይጨርሷት አዲሷን አይጀምሩ» የምትለዋ ንግግር ከየትኛውም ምክር ትቀድማለች። ስም ሲለያይም እንዲሁ ነው። ላሲክስና ፍሮሴማይድ፣ ዳዎኒልና ግሊቤንክላማይድ፣ ቮልታረንና ዲክሎፌናክ፣ አድቪልና አይቡፕሮፌን አንድ አንድ ናቸው። ከሳውዲ ወይም ከዱባይ የተላከው ካርቶን ላይ ስሙ ሌላ፣ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው። በ8 ይወሰድ የሚለው ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ በእኛ 8 ሰዓት የወሰዱ ስንት አሉ።

እሽግ ሲቆረጥ ደግሞ ስሙ ወይም የማለቂያ ጊዜው የታተመበት ጫፍ መድኃኒት ቤት ይቀራል። ስም ያለበት ጎን ለበሽተኛው እንዲደርስ መቁረጥ ምንም አያስከፍልም። ፖስታው ላይ «1×2» ተብሎ የሚጻፈው ነገርም አይገባኝም። ለጻፈው አንድ ፍሬ በቀን ሁለቴ ነው፤ ለአንባቢው ሁለት በአንዴ ሊሆን ይችላል። ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይና ጨረቃ መሣል፣ ከጎኑ በፍሬው ልክ ነጥብ ማድረግ ይሻላል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። መድኃኒት መድኃኒትን ይወልዳል። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ እብጠቱ የልብ ወይም የኩላሊት ይመስልና የሚያሸናው ፍሮሴማይድ ይታዘዛል። ያ እብጠት ከፈሳሽ መብዛት የመጣ ስላልሆነ ፍሮሴማይዱ ብዙም አይረዳው፤ ሽንት ግን ያመላልሳል፣ ፖታሲየም ያሳጣል፣ ባት ያሸማቅቃል። ለሽምቅቃቱ ቫይታሚን ይገዛል። ፍሮሴማይዱ ማታ ከተዋጠ በሌሊት ደጅ መውጣት ይመጣል፤ ገጠር ቤት በጨለማ፣ ደጃፉ ድንጋይ፣ ግፊቱ የወረደ ሽማግሌ፣ ውጤቱ የዳሌ ስብራት ነው። ሐኪሞች ይህን ሰንሰለት ስም ሰጥተው ማስተማር የጀመሩት ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ አሁንም ግን በየሳምንቱ ይደገማል። ፍሮሴማይድ በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ጠዋት ይወሰድ፣ ሁለተኛ ካለው ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። ግሸን ለመስከረም 21፣ ወይም ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚሄዱ አዛውንት መኪና ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ይተዉታል። ከመተው ሰዓቱን ወደ መድረሻ ማዘዋወር እንደሚቻል ቀድሞ ቢነገራቸው ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ አይመለሱም ነበር።

የግፊት መድኃኒቱ ኤናላፕሪልም የራሱ ሰንሰለት አለው። አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስለዋል፣ አክታ የለውም፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ሳሉ ሽሮፕ ያስገዛል፣ ሽሮፑ አልሠራ ሲል አንቲባዮቲክ፣ እሱም አልሆን ሲል የቲቢ ምርመራ። የአክታ ምርመራውን ማድረግ አይከፋም፣ አገሩ ቲቢ ያለበት ነው። ግን ከዚያ በፊት «ሳሉ ኪኒኗ ከተጀመረች በኋላ ነው ወይስ በፊት?» የምትለዋ ጥያቄ ነፃ ናት። ኤናላፕሪሉ በሌላ ዓይነት ሲተካ ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይተዋል።

ሦስተኛው ሰንሰለት የእኛው የወሎዎቹ ነው። የዱዓ መድረክ ያለ ቡና፣ ብዙ ቦታም ያለ ጫት አይሞቅም። ጫት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አዛውንቱ ጫቱን ሳይናገሩ ግፊቱ «አልወርድ አለ» ይባልና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መድኃኒት ይጨመራል። ለእንቅልፉ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ አፍ ያደርቃል፣ ድርቀቱን ያብሳል፣ ፕሮስቴት ያበጠባቸውን ሽማግሌ ሽንት ይከለክላል፣ ጠዋት ያፈዝዛል። ልጆች «አባታችን መርሳት ጀመረ» ይላሉ። አሚትሪፕቲሊን፣ የእንቅልፉ ዲያዚፓምና የስኳሩ ግሊቤንክላማይድ ሦስቱም ለአረጋውያን የማይመረጡ ተብለው በአሜሪካው የቢርስ መዘርዝር ውስጥ ተጽፈዋል። መዘርዝሩ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታደሰ መጥቶ የ2023ቱ እትም ላይ ደርሷል። ስለ ጫት ሲጠየቅ ታዲያ ቁጣ አያስፈልግም። «አባባ፣ በሳምንት ስንት ቀን ይቅማሉ?» ብሎ እንደ ቡና መጠየቅ ነው፤ የተቆጡት ሰው እውነቱን አያወጣም።

ከሁሉ የከፋውን ጥንድ፣ ይቅርታ፣ ሦስትዮሽ ልናገር። ኤናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፍሮሴማይድ፣ ከዚያ ላይ ዲክሎፌናክ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለግፊት በማዘዣ ይሰጣሉ፤ ሦስተኛው ለጉልበት ቁርጥማት ያለ ማዘዣ ይገዛል። ኩላሊት ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ደም በአንድ በኩል ከፍቶ በሌላ በኩል ቆንጥጦ ግፊቱን ይጠብቃል። ዲክሎፌናክ መግቢያውን ያጠባል፣ ኤናላፕሪል መውጫውን ያላላል፣ የሚያሸናው መድኃኒት ደግሞ ውሃውን ያሳንሳል። ማጣሪያው ግፊት ያጣና ይዝላል። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የጾም ጥማት ሲጨመርበት በቀናት ውስጥ ኩላሊት ሊያቆም ይችላል። ዲክሎፌናክ በዚያ ላይ ግፊቱን ራሱን ይጨምራል፣ ጨጓራ ያደማል፤ ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ይመጣል፣ ፌስታሉ ይከብዳል። ለቁርጥማት ፓራሲታሞል፣ ባለ 500 ሚሊግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በስድስት ወይም በስምንት ሰዓት ልዩነት፣ ለደካማና ቀጭን አዛውንት በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ሳያልፍ፤ ከዚያ የጉልበት እንቅስቃሴና ምርኩዝ። ዲክሎፌናክ ቶሎ እንደሚያሽል አይካድም። የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር እንኳ ለቀናት ነው፤ ለዓመታት አይደለም።

ጾም። ወሎ ላይ ጾም የማይገባበት ቤት የለም፤ አንዱ ግቢ ሁዳዴን ሲይዝ ሌላው ረመዳንን ይይዛል። ግሊቤንክላማይድ ምግብ ኖረ አልኖረ ከቆሽት ኢንሱሊን ይጨምቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ተውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልተቀመሰ ስኳር ይወርዳል፤ ኩላሊት ከደከመ መድኃኒቱ ከሰውነት አይወጣምና የወረደው ስኳር ከፍ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን የወጣት ምልክት ነው። በአዛውንት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው መቃዠት፣ ምላስ መተሳሰር፣ ያለወትሮ መቆጣት ነው፤ ቤተሰብ «ነፋስ መታቸው» ወይም «ዛር ነው» ብሎ ሰዓት ያጠፋል። መለኪያ ካለ ከ70 በታች ወርዷል ማለት ይኼው ነው። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተነሳ መድገም፣ ከዚያ ምግብ። መዋጥ ካቃታቸው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስስም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ቢነቁም በዚያው ቀን ብቻቸውን አይተዉ፤ መልሶ ሊጥላቸው ይችላል።

ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር እንዲህ አይጥልም። በረመዳን ሦስት ጊዜ የሚወስዱ ሰው የጠዋቱን ወደ ሱሁር፣ የቀኑንና የማታውን አንድ ላይ ወደ ማፍጠሪያ ማዛወር ይችላሉ። የግሊቤንክላማይድና የኢንሱሊን ለውጥ ግን ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወር በፊት ከሐኪም ጋር የሚደረግ ነው፤ በጾሙ ዋዜማ አይሆንም። «አይጹሙ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን የትም አያደርስም። ንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን በነገሩ ማስገባት ያደርሳል፤ በሁለቱም በኩል ለበሽተኛ ፈቃድ እንዳለ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፣ ቃላቸውም ከነጭ ጋዋን ይልቅ ይሰማል። ለዕድሜ ለገፉና ሌላ በሽታ ለተደራረበባቸው ደግሞ ጠዋት ሳይበሉ የሚለካው ስኳር ከ90 እስከ 150 ቢሆን በቂ ነው። 100ን ሲያሳድዱ 50 ላይ መጣል ትርፍ የለውም።

ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ጾም ላይ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ሐበሻ ጎመን ቫይታሚን ኬ የበዛበት ነው፣ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። በሁዳዴ 55 ቀን ጎመን በየቀኑ ተበልቶ በፋሲካ ድንገት ሲቆም፣ በጾሙ የተስተካከለው መጠን ከፋሲካ በኋላ ደም ያቀጥናል። መከልከል አያስፈልግም፤ በሳምንት የሚበላው ጎመን በጾምም በፍስክም ተቀራራቢ ይሁን፣ የደም ማቅጠኛ ምርመራውም በጾሙ መግቢያና መውጫ ይደረግ። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል ለተቅማጥ ተብሎ ሲሸጥ ግን ጎመኑ ቀልድ ይሆናል፤ ሁለቱም በቀናት ውስጥ የመድማት አደጋውን ከፍ ያደርጉታል።

ስለ ባህል መድኃኒት አጭር ልሁን። ቡና ላይ የሚነከረው ጤና አዳም፣ የጦስኝ ሻይ፣ ወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት አያስጨንቁኝም። አብሽና ሽፈራው በብዛት ለስኳር ተብለው ሲወሰዱ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ተደምረው ስኳር ሊያወርዱ ይችላሉ። ስለዚህ እነሱም ፌስታሉ ውስጥ ይግቡ። ጠበል የሚሄዱ ኪኒናቸውን ይዘው ይሂዱ፤ የልብ ድካም ያለባቸው ደግሞ የሚጠጡት ውሃ ልክ እንዳለው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አዛውንቶች መድኃኒት ለምን ያከማቻሉ ብሎ የሚገረም ሰው ካለ 2014 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ክትትል ተቋረጠ። ኪኒን በግማሽ እየቆረጡ፣ ቀን እየዘለሉ ያሳለፉ ሰዎች ዛሬ ከየወሩ ጥቂት ፍሬ «ለክፉ ቀን» ቢያስቀሩ አያስፈርድባቸውም። ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ ዛሬም በመድኑ የሚታከሙ ሰዎች ተቋሙ ውስጥ መድኃኒቱ ሲጠፋ ከውጭ ይገዛሉ፣ ሲገኝ ከውስጥ ይወስዳሉ፤ አንዱ መድኃኒት በሁለት መልክ ፌስታል ውስጥ የሚገናኘው በዚህም ነው። የሁለት ሳምንት ትርፍ ይዞ አዲስ ሲመጣ አሮጌውን አስቀድሞ መጨረስ ጥሩ ልማድ ነው። ማለቂያው ያለፈውን፣ ከሞተ ዘመድ የተረፈውን፣ ስሙ የጠፋውን መለየት ያስፈልጋል።

ኢንሱሊን ላይ ቁጠባ ተቃራኒውን ይሠራል። አንዱ ብልቃጥ 10 ሚሊሊትር፣ 1000 ዩኒት ነው። በቀን 20 ዩኒት የሚወጉ ሰው 50 ቀን ያቆዩታል፤ የተከፈተ ብልቃጥ ግን በተለምዶ ከ28 ቀን በላይ አይመከርም። ቆቦ፣ ሐርቡ፣ ባቲ በመሰለው ቆላ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። እርጥብ አሸዋ በተሞላ ሰፊ ሸክላ መካከል ትንሽ ሸክላ አስቀምጦ እዚያ ማኖር፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ ይረዳል። ወረኢሉና ወገል ጤና ላይ የሚፈራው ውርጭ ነው፤ አንዴ የበረደና በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢሟሟም ይጣላል።

ፌስታሉ እንዴት ይገለበጥ? ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ ማንም አያስተካክለው፤ ዝብርቅርቁ ራሱ መረጃ ነው። ጠብታው፣ ቅባቱ፣ የሚነፋው፣ የሚበጠበጠው ሁሉ ይግባ። ለእያንዳንዱ የሚጠየቀው የምን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው፣ መቼ እንደተጀመረ ነው፤ ከዚያ «ትናንትና ስንት ሰዓት ወሰዱት?» የሚለው። «እንዴት ይወስዱታል?» ሲባሉ የታዘዙትን ይናገራሉ፣ «ትናንትና» ሲባሉ ያደረጉትን። ፍሬ መቁጠር ደግሞ አይዋሽም። በወሩ መጀመሪያ 60 ሜትፎርሚን ወስደው ጠዋትና ማታ ቢሆን ኖሮ በ30ኛው ቀን ምንም አይቀርም ነበር፤ 28 ከቀረ ማታውን ትተውታል። ቁጣ አያስፈልግም፤ ሆዳቸውን አውኳቸው ይሆናል፣ ከእራት ጋር ይሁን ሲባሉ ይስተካከላል። ግፊትም ተጋድመው አምስት ደቂቃ ካረፉ በኋላ፣ ከዚያ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የሚያዞራቸው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሥራ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው ፋርማሲስት ይሠራዋል፤ ሐኪሙ ከፊቱ 50 ሰው ተሰልፎ ጠረጴዛ የማጽዳት ጊዜ የለውም። የሚቀነሰውን የሚወስነው ግን ከሐኪሙ ጋር ነው። ሁለት በአንዴ አይቀነስም፤ አንዱ ይቀነስና ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይታያል፣ ያለዚያ ምን ምን እንዳመጣ አይታወቅም። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ድንገት ቢቆሙ ልብን ያስደነብራሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ድንገት ቢቆም ሰውነትን ይጥላል። ዲያዚፓምና ፌኖባርቢታል በደረጃ ይቀነሳሉ። ኦሜፕራዞል ከወራት በኋላ በአንዴ ቢተው ቃር ለሁለት ሳምንት ይብሳል፤ ያ «ጨጓራዬ ተመለሰ» ተብሎ፣ በሽታው ሳይመለስ መድኃኒቱ እንደገና ይጀመራል።

ቀሪው በአንድ ወረቀት ይጻፋል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የምን፣ ጠዋት ስንት ማታ ስንት፣ የተቀነሰው ከነምክንያቱ። አንዱ ቅጂ ካርዱ ውስጥ፣ አንዱ ለልጅ ስልክ በፎቶ፣ አንዱ ፌስታሉ ውስጥ። አጠገባቸው ያለው አስታማሚ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም፤ ዘንድሮ ልጅ ናት፣ ከርሞ የልጅ ልጅ። ከፌስታሉ የወጣው ደግሞ እማማ እያዩ፣ በእጃቸው እንዲቆጥሩት ተደርጎ ለመድኃኒት ቤቱ ይመለስ። ሳያዩ ከተወሰደባቸው በሚቀጥለው ወር ከጎረቤት ተበድረው ያመጡታል።